አንድ ቅሬ፣ ሁለት ቴሌግራም፦ ከደሴ አንድ ሰፈር የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ለምን ተጻፈ

ይህ ጽሑፍ ደሴ ውስጥ በአንድ ሰፈር ቅሬ የሆነውን ይመዘግባል። በሌላ አካባቢ እድር የሚባለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። እኔ የቅሬው ጸሐፊ ነኝ። የጻፍኩት ከቃለ ጉባኤው እና በዓይኔ ካየሁት ነው። ኮሚቴው እንዲጻፍ ተስማምቷል። የማንንም ስም አልጠራም፤ ሰፈሩም የትኛው እንደሆነ አልገልጽም። ሰዎቹ ዛሬም ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ።

ነገሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰፈር ለሁለት ተከፈለ። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ድምፅ ብቻ መልሶ መስማት ጀመረ። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው የቅርብ ጎረቤታቸው ሲቀበሩ ሳይሰሙ ቀሩ። ከሌሎች የደሴ ሰፈሮችና ከኮምቦልቻ "እኛም ጋ እንደዚሁ ነው፤ ምን አደረጋችሁ?" የሚሉን በዝተዋል። ለነሱ የሚሆን ነገር ካለ ብዬ ነው የምጽፈው።

ዳራ

ሰፈሩ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ካሉት ዳገታማ ሰፈሮች አንዱ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። አጎት ሸህ፣ የእህት ልጅ ዲያቆን የሆነበት ቤት አለ፤ በወሎ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቅሬው ከመቶ በላይ አባወራ አለው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ብረት ድስት፣ ቃሬዛ፣ አካፋና ዶማ አለው። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ጎህ ሳይቀድ በየመንገዱ እየዞረ ይለፍፋል። ያልሰማ ሰው አይኖርም ነበር።

ሚያዝያ 2012 በኮቪድ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲወጣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የቅሬው ወርሃዊ ስብሰባ ቆመ። አንድ አባል የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ፤ ስልክ የሌላቸውን ልጆቻቸው ወከሏቸው። ግሩፑ ጥሩ ሠራ። የሞተ፣ የታመመ፣ የተጠራቀመ መዋጮ፣ ሁሉም እዚያ ይነገር ጀመር። በዚያው ሰሞን ጡሩምባ ነፊው አርጅተው ሥራውን ተዉት። "ስልክ እያለ ጡሩምባ ለምን?" ተባለና በቦታቸው ሰው አልተተካም። ይህን ውሳኔ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ዋጋ አስከፍሎናል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በጥቅምት 2014 መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ደሴና ኮምቦልቻን ያዙ። የፌዴራሉ መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መያዙን ያስታወቀው በኅዳር 2014 መጨረሻ ነው። በመሃል ያለው ጊዜ አጭር ነው። የሰፈሩን ሰው ግን ለሁለት ከፍሎታል። ግማሹ በሐረጎ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ገባ፤ እሷም ስትያዝ ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ አለፈ። ግማሹ አቅም አጥቶ፣ ወይም አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ ጥሎ መሄድ አልሆንልህ ብሎት ቀረ። በከተማው ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። የሸሸው የሚያውቀው በቴሌቪዥንና በፌስቡክ ያየውን ነው። የቀረው የሚያውቀው በደጁ ያለፈውን ነው። ሲገናኙ የአንዱ ወሬ ለሌላው ውሸት መሰለው።

ክፍፍሉን ከውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው በሃይማኖት ወይም በብሔር ይመስለዋል። አልነበረም። በሁለቱም ወገን ሁሉም ዓይነት ሰው ነበር። የመጀመሪያው መስመር የሸሸና የቀረ ነው። ፖለቲካው የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በተሰመረው መስመር ላይ ነው።

ችግሩ

ከተመለስን በኋላ አንድ ሰው ግሩፑ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፈ፦ "የእነ እገሌ ቤት ለምን አልተዘረፈም?" ሌላ ምንም አላለም። ቤቱ የቀሩ ሰዎች ቤት ነበር። በደቂቃዎች ውስጥ ስክሪንሹት ተነሥቶ ሌላ ቦታ ተላለፈ። እዚያ ጥያቄነቱ ቀርቶ ክስ ሆነ። የቤቱ ባለቤት ከግሩፑ ወጡ፤ ዘመዶቻቸው ተከተሏቸው። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛ ግሩፕ ተከፈተ።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ግሩፖች በየፊናቸው ሄዱ። በመጀመሪያው የመንግሥት ሚዲያ ዜናና የባለሥልጣናት መግለጫ በዛ። በሁለተኛው ውጭ አገር ሆነው በዩቲዩብ ላይቭ የሚያስተላልፉ ሰዎች ቪዲዮ ሞላ። አንደኛው ሌላውን "ጽንፈኛ" ይላል፤ ሌላው "ካድሬ" ብሎ ይመልሳል። በሁለቱም ውስጥ ዝም ብሎ የሚያነብ ብዙ ሰው ነበር። የሚጽፉት ግን በጣም የጋለባቸው ጥቂቶች ናቸው። ለዘብ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው "አንተም?" ይባላል። ደጋግሞ የተባለ ሰው መጻፍ ያቆማል። የቀረው ሁሉ አንድ ዓይነት የሚያስብ ይመስላል።

ይህ የኛ ሰፈር አመል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ በኮሎራዶ ግዛት ተመራማሪዎች የሁለት ከተማ ሰዎችን አሰባስበው ነበር። አንደኛዋ ከተማ ወደ ግራ፣ ሁለተኛዋ ወደ ቀኝ የምታዘነብል ናት። ሰዎቹ ከየራሳቸው ወገን ጋር ብቻ በትንንሽ ቡድን ተወያዩ። ሲጨርሱ አብዛኞቹ ከገቡበት ይበልጥ ጫፍ ወጡ። በየቡድኑ ውስጥ የነበረው የሐሳብ ልዩነትም ጠበበ። የተሰደበም የተዋሸም ሰው አልነበረም። መሰል ከመሰሉ ጋር ብቻ ማውራቱ በቂ ነበር።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ አንዳንዶቻችን "እስቲ አሁን ሰፈሩ ያርፍ ይሆናል" ብለን ነበር። አላረፈም። ዲሽ ያለው ዲሹን ይዞ ተቀመጠ። ዋይፋይ ያለበት የሚሠራ ደግሞ ማታ የሰማውን ይዞ ይመጣል፤ የሚያጣራበት የሌለው ሰፈር እሱን ያምናል። ግሩፖቹ ባይኖሩም ሁለቱ ጎራዎች በአፍ ቀጠሉ። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ከነቂማቸው ተመለሱ። ኔትወርክ መዝጋት የተዘጋ ጆሮ አይከፍትም፤ ይህን በደንብ አይተናል።

ከዚያ ቀብሩ መጣ። አንዲት ሙስሊም እናት ሌሊት አረፉ። በሙስሊም ደንብ ጀናዛ አይቆይም፤ ዙህር፣ የቀትር ሶላት፣ ላይ ሊቀበሩ ተወሰነ። ልጃቸው በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ መርዶውን እሱ ባለበት በሁለተኛው ግሩፕ ብቻ ለቀቀው። ሌላ ግሩፕ ያለ አልመሰለውም፤ የሚያውቀው ሰው ሁሉ እዚያ ነበርና።

ከሟቿ ጋር አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ጡረተኛ ሹፌር አሉ። በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ክርስቲያን ናቸው። እሳቸው መንገድ ላይ ሲከርሙ ልጆቻቸው የበሉት በእኚያ እናት እጅ ነው። ያን ቀን በጠዋት ለጉዳይ ቧንቧ ውሃ ወደሚባለው ሰፈር ሄደው ነበር። ከሰዓት ሲመለሱ ድንኳን ተተክሎ አገኙ። "ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። ተነገራቸው። በሩ ላይ እንደቆሙ "እኔ ሳልቀብራት?" አሉ። ሦስቴ ደገሙት። የሟቿ ልጅ ተነሥቶ እግራቸው ላይ ሲወድቅ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው እንደገና አለቀሰ።

በማግሥቱ ሲቆጠር ከቅሬው አባወራ እጅግ ብዙው ቀብሩን አልሰማም። ወሎ ውስጥ ቀብር ከመቅረት የሚከፋ ነገር ጥቂት ነው። ኮሚቴው የተሰበሰበው ያኔ ነው።

የተሞከሩት እርምጃዎች

የመጀመሪያው ሐሳብ ግሩፖቹን ማዋሃድና ሁሉም የሁሉንም እንዲያነብ ማድረግ ነበር። አዲስ ግሩፕ ተከፈተ። በየቀኑ ከአንዱ ወገን አንድ ሊንክ፣ ከሌላው ወገን አንድ ሊንክ እንዲለጠፍ ተወሰነ። ሐሳቡ ከቀና ልብ የመጣ ነው፤ ሰው የሌላውን ከሰማ ይለዝባል ከሚል።

አልሠራም። እንዲያውም ባሰ። እያንዳንዱ ወገን ከሌላው ሊንክ ውስጥ አስከፊውን ዓረፍተ ነገር እየመረጠ "አያችሁ?" ይል ጀመር። ቀድሞ የማይናደዱ ሰዎች ተናደዱ። በየዕለቱ ሰው ይወጣል። ይህም በሌላ ቦታ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ትዊተር የሚጠቀሙ የሁለቱ ፓርቲ ደጋፊዎች ለአንድ ወር የተቃራኒውን ወገን መልእክት በቀን 24 ጊዜ የሚያሠራጭ አካውንት እንዲከተሉ ተደረገ። ሪፐብሊካኖቹ ከበፊቱ ይበልጥ ወግ አጥባቂ ሆኑ። ዴሞክራቶቹም ጥቂት ወደ ራሳቸው ጫፍ ያዘነበሉ መሰሉ፤ ለውጡ ግን ዕድል የፈጠረው አይደለም ለማለት አያበቃም ነበር። የማታውቀው ሰው በየቀኑ ስልክህ ላይ እየመጣ ተሳስተሃል ሲልህ፣ የምትፈልገው መልስ መስጫ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ እገዳ ነበር። "በቅሬ ግሩፕ ፖለቲካ ክልክል ነው" ተባለ። ግሩፑ ጸጥ አለ። ጸጥታው ግን የሰላም አልነበረም። ወሬው በሙሉ ወደ ትንንሽ የግል ግሩፖች ገባ። በዚያ መሃል ከኮሚቴው አንዱ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጠቅሶ ያን የመጀመሪያውን ጥያቄ የጻፈውን ሰው ሕግ ፊት እናቁመው አለ። ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ። የጻፈው ስህተት ስላልነበረ አይደለም። የቅሬ አባል የቅሬ አባልን እስር ቤት ካስገባ በኋላ ማን ማንን ይቀብራል የሚል ነው ምክንያታቸው። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ሕግ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ፣ እዚህ ግን ገና ሌላ መንገድ አልተሞከረም ነበር።

ሦስተኛው ላይ ነገሩ መስመር ያዘ። መርዶውን ከወሬው ለየነው። ሞት፣ ሕመምና መዋጮ ብቻ የሚነገርበት፣ ከጸሐፊውና ከሰብሳቢው በቀር ማንም የማይጽፍበት የቴሌግራም ቻናል ተከፈተ። ሁለቱ ግሩፖች እንዲዘጉ አልጠየቅንም። ጡሩምባውም ተመለሰ። ከቀድሞው ጡሩምባ ነፊ ልጆች አንዱ በወር ትንሽ እየተከፈለው ተረከበ። በመጀመሪያው ጠዋት ሲለፍፍ ሕፃናቱ ምን እንደሆነ አላወቁትም። ሽማግሌዎቹ ግን በር ከፍተው ወጡ። ጡሩምባ ወገን አይመርጥም። ለሁሉም እኩል ይደርሳል።

የሥራ ምድቡንም ቀየርን። ድንኳን የሚተክል፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ውሃ የሚያመላልስ ቡድን ቀድሞ በጓደኛ የሚሰባሰብ ነበር። ስለዚህ ቡድኖቹም ሳይታወቅ በግሩፕ ተከፍለው ነበር። አሁን በቤት ቁጥር ተራ ሆነ። ማን ከማን ጋር እንደሚደርሰው የሚወስን ሰው የለም። አንዳንዱ አጉረመረመ። ይሁን እንጂ በጠዋት ብርድ ድንኳኑን በሁለት ጫፍ ይዘው ሲወጥሩ ሰዎች ስለ ዩቲዩብ አያወሩም። "ጎትት፣ ላላ፣ ያዝ" ነው የሚሉት። ንፍሮ ሲቀርብም እዚያው አጠገብ ለአጠገብ ይቀመጣሉ።

ሁለት ስልኮች

ሰፈሩ ውስጥ ሞባይል የሚጠግን ወጣት አለ። የሁለተኛው ግሩፕ ዋና ጸሐፊ እሱ ነበር። በቤት ቁጥር ተራ ከጡረተኛው ሹፌር ጋር አንድ ምድብ ደረሰው። አንድ ቀን ድንኳን ነቅለው ዕቃ ቤት ካስገቡ በኋላ ክርክር ተነሣ። ሹፌሩ "አንተ የምትለውን የትም አላየሁትም፤ ከየት ታመጣዋለህ?" አሉት። እሱ ደግሞ "ጋሼ፣ እኔም እርስዎ የሚሉትን አይቼ አላውቅም" አለ። ከዚያ የጠጋኝ ነገር ሆነና "እስቲ ስልክዎን ይስጡኝ" አላቸው።

ሁለቱን ስልኮች ወንበር ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠ። በሁለቱም ዩቲዩብ ከፈተና አንድ ቃል ጻፈ፦ ደሴ። በሹፌሩ ስልክ የመጀመሪያዎቹ የመንገድ ምረቃ፣ የአንድ ባለሥልጣን መግለጫ፣ የቆየ የወሎ ዘፈን፣ ስብከት ነበሩ። በወጣቱ ስልክ "ሰበር" የሚል ቀይ ጽሑፍ ያለባቸው ቪዲዮዎች ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። አንድም የሚገናኝ የለም። ዙሪያውን የነበርነው ሰዎች አንገታችንን አስግገን እያየን ነበር። ሹፌሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። "እኔና አንተ አንድ ከተማ ነው የምንኖረው?" አሉት። ለመሳለቅ አልነበረም፤ የምር ነው የጠየቁት።

ወጣቱ የሚያውቀውን አስረዳ። ዩቲዩብ ቀድሞ ያየኸውን ያስታውሳል፤ እስከ መጨረሻው ያየኸውን የሚመስል ይጨምርልሃል። ማንም ተቀምጦ ለአንተ የመረጠው የለም። አንተ ራስህ ሳታውቅ መርጠሃል። ይህን ገለጻ እሱ ካደረገው ይልቅ ከኮሚቴው አንዳችን ብናደርገው ኖሮ እንደዚያ የሚደመጥ አይመስለኝም። ድንኳኑን አብሯቸው የተሸከመ ልጅ ስለሆነ ነው ሹፌሩ የሰሙት።

አየሁ እና ሰማሁ

ከዚያ በኋላ የወሩ ስብሰባ ሲያልቅ ቡና እየተጠጣ ነጻ ጨዋታ እንዲኖር ተስማማን። ፖለቲካም ይነሣል። አንድ ደንብ ብቻ አለው። የሚናገር ሰው አስቀድሞ "አይቼ ነው" ወይም "ሰምቼ ነው" ይላል። ከሰማም ከማን እንደሰማ ይናገራል። ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ ስለሆነ ማንም አልተቃወመም።

በመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ብዙ ሰው "ሰምቼ ነው" ብሎ ከጀመረ በኋላ ድምፁ ይለዝባል። አንዱ በደሴ መንገድ ላይ ተነሣ የተባለ ፎቶ አመጣ፤ በሁለተኛው ግሩፕ ብዙ ሰው የተቆጣበት ፎቶ ነው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንድ ተማሪ "ከበስተጀርባው ሜዳ ነው፤ ደሴ የቱ ጋ ነው እንዲህ ሜዳ የሚታየው?" አለ። ሁሉም እንደገና አየው። ተራራ የለም፣ ዳገት የለም። ፎቶው የት እንደተነሣ አላወቅንም። ደሴ አለመሆኑን ግን ማንም ከውጭ መጥቶ ሳይነግረን አወቅን። ከመጀመሪያው ግሩፕ የመጡት ሰዎች ሊፎክሩ ሲሉ ሰብሳቢው በሚቀጥለው ወር የእነሱ ግሩፕ ወሬ እንዲቀርብ አዘዙ። ቀረበም፤ እሱም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው።

የዘይቱ ወሬ ግን ከሁሉም ይበልጥ አስተምሮናል። የእርዳታ ዘይት ሲከፋፈል በአንዱ ግሩፕ "ለደጋፊዎች ብቻ ነው የተሰጠው" ተባለ። በሌላው ደግሞ "እነዚያ ተደራጅተው ሰልፉን በጠበጡት" ተባለ። ሁለቱም ወገን "ሰምቼ ነው" አለ። ቡናውን ያፈሉ የነበሩ እናት ጀበናውን አስቀመጡና "እኔ ሰልፉ ላይ ነበርኩ" አሉ። ዘይቱ በስም ዝርዝር ሲታደል መሃል ላይ አለቀ፤ ለተረፉት በሌላ ቀን ተሰጠ። መጀመሪያ ያልደረሳቸው ከሁለቱም ወገን ናቸው። በጥባጭም አልነበረም። እናቲቱ ይህን ለማንም አልደበቁም፤ የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው። ሁለቱም ግሩፖች ውስጥ አልነበሩም፤ ስልካቸው ኢንተርኔት የለውም።

ይህ አንድ ነገር አሳየን። የሰፈሩ ሴቶች የቡና ጥሪ መቼም አልተከፈለም ነበር። አቦል እዚህ፣ ቶና እዚያ እያሉ በሁለቱም ጎራ ቤቶች ሲገቡና ሲወጡ ኖረዋል። ኮሚቴው ግን ሙሉ በሙሉ ወንድ ነበር። ሰፈሩ ተለያየ ብለን ስንጨነቅ ያልተለያየው ክፍል ወጥ ቤታችን ውስጥ ነበር። አሁን በኮሚቴው ሁለት ሴቶች አሉ።

ሌላም ደንብ ሞክረን ነበር፦ ለአንድ ሰው ከመመለስህ በፊት ያለውን በራስህ ቃል ድገም፤ እሱ "አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት" ሲል ብቻ መልስ ስጥ። ወጣቶቹ ወደዱት። ትልልቆቹ ግን "ልጅ ፊት እንደ ተማሪ አልደግምም" አሉ። ልክ ናቸው፤ በኛ ወግ ደስ አይልም። ስለዚህ መድገሙ የሰብሳቢው ሥራ ሆነ። ሰብሳቢው የሁለቱንም ቃል ይደግማሉ፣ ሁለቱም ያጸድቃሉ፣ ከዚያ ይቀጥላል። ጊዜ ይፈጃል፤ ግን አንዱ ያላለውን አለ የሚባለው በጣም ቀነሰ።

ምን ተለወጠ፣ ምን አልተለወጠ

ከቻናሉና ከጡሩምባው ወዲህ መርዶ ሳይሰማ የቀረ አባወራ የለም። ይህ የተረጋገጠ ውጤት ነው። ሁለቱ ግሩፖች አሁንም አሉ፤ ግን ጽሑፉ ቀንሷል። "ካድሬ" እና "ጽንፈኛ" የሚሉት ቃላት በሰፈር ሰው ላይ አይጻፉም፤ በሩቅ ሰው ላይ ይጻፋሉ። የሰው የፖለቲካ አቋም አልተለወጠም። ሹፌሩ የሚያዩትን ያያሉ፣ ወጣቱም እንደዚያው። የተለወጠው አንዱ የሌላውን ወሬ ሲሰማ መጀመሪያ ደውሎ ወይም በር አንኳኩቶ መጠየቁ ነው። ለአንድ ቅሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያልተሳካውም አለ። ከመጀመሪያው ጊዜ ጀምሮ የወጡ ጥቂት አባወራዎች አልተመለሱም። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች በሁለቱም ግሩፕ ውስጥ ናቸው፤ ድንኳን የማይተክሉ፣ ቡና የማይጠጡ ስለሆኑ እኛ ያደረግነው ነገር እነሱን አልነካቸውም። በብዛት የሚያቀጣጥሉትም እነሱ ናቸው። ለዚህ መላ አላገኘንም።

ለሌሎች የሚሆነው

ለሚጠይቁን ቅሬዎች ሁልጊዜ መጀመሪያ የምለው፣ የተቃራኒ ሐሳብ ሊንክ በመለጠፍ አትጀምሩ ነው። ሐሳቡ ከሰው ተነጥሎ ሲመጣ ጠላት ይመስላል። መጀመሪያ ሰዎቹን ከባድ ነገር በጋራ አሸክሟቸው። ጎርደን ኦልፖርት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 እንደጻፈው፣ የተለያዩ ወገኖች ተገናኝተው ጥላቻቸው እንዲቀንስ እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ ትብብርና የሚከበር አካል ድጋፍ ያስፈልጋቸዋል። ቅሬ አራቱም አሉት። ሀብታሙም ድሃውም እኩል ያዋጣል፣ ግቡ አንድ ነው፣ ብቻውን የሚቀብር የለም፣ ሰብሳቢውም ይከበራል። ስለዚህ አዲስ መድረክ ከመፍጠር በፊት ያለውን ማኅበር እዩ። ቅሬ ከሌለ እቁብ፣ የወላጆች ኮሚቴ፣ የፋብሪካ ሰርቪስ ሊሆን ይችላል። ኮምቦልቻ ላሉ ጠያቂዎቼ ሰርቪሱን ነው የጠቆምኳቸው፤ ጠዋትና ማታ አንድ ላይ የሚጓዝ ሰው ለመደማመጥ ጊዜ አለው።

ሁለተኛ፣ ሁሉን የሚነካ መረጃ ክርክር ባለበት ቦታ አይቀመጥ። መርዶ፣ የውሃ መቋረጥ፣ የክትባት ቀን የራሱ መንገድ ይኑረው፤ ከተቻለ ስልክ የማይጠይቅ መንገድ። ግሩፑን ትቶ የወጣ ሰው መርዶ አብሮ ሊያጣ አይገባም።

ሁሉንም በአልጎሪዝም ማሳበብም አያዋጣም። ሁለቱ ስልኮች ብዙ አሳይተውናል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ ምርጫ ጊዜ ከ23 ሺህ በላይ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ከመሰሎቻቸው የሚያዩት ጽሑፍ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ሲቀነስ አመለካከታቸው የሚለካ ለውጥ አላሳየም። ስልኩ ይገፋል፤ መስመሩን ያሰመረው ግን በኛ ሰፈር አንድ ያልተመለሰ ጥያቄ ነበር፦ "ቤቱ ለምን አልተዘረፈም?"

ገና ያልተወሰነው

ያን ጥያቄ የጻፈው ሰው ከሽማግሌዎች ጋር ወደ ቤቱ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋል። የቤቱ ባለቤት "አፉ ብያለሁ" ብለዋል። ቤቱ ያልተዘረፈው ጣሪያው በከባድ መሣሪያ ተመትቶ ባዶ ስለመሰለ ነው፤ ይህን ደግሞ የቀሩት ሁሉ ያውቁ ነበር።

አሁን ውስጠ ደንባችን ላይ አንድ አንቀጽ እንዲጨመር ቀርቧል። በአባል ላይ ክስ ያለው ሰው በየትኛውም ግሩፕ ሳይለጥፍ አስቀድሞ ለኮሚቴው ያቅርብ፤ "አየሁ" የሚል ምስክር ይዞ ይምጣ ይላል። ወጣቶቹ ይቃወማሉ። ኮሚቴው ራሱ ቢያጠፋስ፣ ጉዳዩን ቢያፍነውስ ይላሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። እኔ አንቀጹን የምደግፈው ኮሚቴው በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልሰጠ ከሳሹ ጉዳዩን ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲያቀርብ የሚል ከተጨመረበት ነው። ሞባይል ጠጋኙ ወጣት ማሻሻያውን ጽፎ አምጥቷል፤ አብረው የፈረሙት ጡረተኛው ሹፌር ናቸው። ድምፅ የሚሰጥበት በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ነው።